መዘፍዘፊያው

አባቴ የሞተው ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን ያወቅኩት በሬዲዮው ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰውዬ ስለ አየሩ ሁኔታ ይናገራል፤ አባቴም በየቀኑ «ይኼ ሰው ቤቱ መስኮት የለውም እንዴ?» እያለ ይስቅበት ነበር። በዚያ ጠዋት ሰውየው ተናግሮ ጨረሰ፤ አባቴ ምንም አላለም። ዞር ብዬ ሳየው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

አክስቴ፣ ታላቅ እህቱ፣ ሻሽዋን ፈትታ አገጩን አሰረችለት። እኔ እጆቹን አጠብኩ። ሥራውን ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የጥፍሮቹ ሥር ግን አሁንም ቡናማ ነው። በሳሙና ብፈትገው፣ በሎሚ ባሸው አልለቅ አለ።

«ተዪው» አለች አክስቴ። «ሃምሳ ዓመት የገባ ቀለም በአንድ ጠዋት ይወጣል? ፈጣሪም በዚሁ ይለየዋል።»

አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። የመንደራችን የመጨረሻው ቆዳ ፋቂ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሽቶ መጣ። ሽቶ የምንለው የቤተክርስቲያኑን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ከእሱ በፊት ሽታው ደረጃውን ይወጣል፤ እሱ ከሄደም በኋላ መጋረጃው ላይ ተቀምጦ ያድራል። ቤቱን ያን ጠዋት ሁለት ጊዜ ወልውለነዋል፤ ከሳሙና በቀር የሚሸት ነገር አልነበረም። ሽቶ ግን በሩ ላይ ሲደርስ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ። የእሱ አያትና የእኔ አያት አንድ ቆዳ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው የፋቁ ሰዎች ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ በመሐረቡ ውስጥ። «ቀብሩ የት ነው የታሰበው?»

«የት ይሆናል፣ ጋሼ? ከእናቴ ጎን ነዋ። ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር።»

«እሱ ቦታ እኮ አሁን የጠበሉ መተላለፊያ ሆኗል።»

«እናቴን እየረገጣችሁ ነው የምትተላለፉት?» አልኩት።

«እንዲህ አይባልም፣ ልጄ። ነገ ጠዋት ቢሮ ኑ፤ እንነጋገራለን። ወንድምሽ ይገባዋል።»

ነገሩ እንዲገባችሁ የመንደሩን ታሪክ መናገር አለብኝ። ኮሚቴው ያሳተመውን አይደለም፤ አባቴ የነገረኝን ነው።

ቅድመ አያቶቻችን የሚኖሩት ከተማው ውስጥ ነበር። ከተማው ጫማውን ይወዳል፣ ኮርቻውን ይወዳል፣ የመጽሐፍ ልባሱን ይወዳል፤ ሽታውን ግን አይወድም። ስለዚህ ከወንዙ ታች፣ ነፋስ ወደ ከተማው ወደማይመለስበት ቦታ ውረዱ ተባሉ። ወረዱ። እሑድ እሑድ ለጸሎት ሲወጡ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ እንዲቆሙ ተነገራቸው። ቆሙ። አንዲት ሴት ልጇን ልታስጠምቅ ወስዳ ቄሱ «ታጥበሽ ነይ» አላት። ታጥባ መጣች። «አሁንም ይሸታል» አላት። እንደገና ታጥባ ስትመለስ ልጁ እጇ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። አባቴ ይህን ሲናገር አያለቅስም፤ ስለ ተበላሸ ቆዳ እንደሚያወራ ነበር የሚያወራው። «ከዚያ በቃን አሉ» ይላል። «በቃን ብለው የራሳቸውን ሠሩ።»

ቤተክርስቲያኑን የሠሩት ከምንጩ አጠገብ ነው፤ ምንጩ የሚወርደው ወደ ሥራቸው ነበርና። ጠዋት ይፍቃሉ፣ ከሰዓት ድንጋይ ያነሳሉ። አሸዋውንና ጭቃውን የተሸከሙት በቆዳ ነው። ሲያልቅ የሚቀድስ ቄስ ጠፋ። የመጣው ሁሉ በሳምንቱ ራሴን አመመኝ እያለ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ሰው ተገኘ፤ በወጣትነቱ በቅሎ ፊቱን ረግጣው አፍንጫው ሽታ አያውቅም። እስኪሞት አልተለያቸውም። «ፈጣሪ ለእያንዳንዱ መንደር የሚሆን ቄስ አለው» ይል ነበር አባቴ፣ «ለእኛ የላከውን ግን አስቀድሞ በበቅሎ አስረግጦ ነው።»

ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ በድንጋይ የተገነቡ ሦስት ገንዳዎች ነበሩ። መዘፍዘፊያው እንለዋለን። በመጀመሪያው ውስጥ ቆዳው ከኖራ ጋር ይተኛል፤ ጸጉሩ እስኪላቀቅ። በመጨረሻው ውስጥ ከዛፍ ቅርፊት ጋር ይከርማል፤ ቀለም እስኪይዝ። በመሃለኛው ውስጥ ደግሞ የውሻ አርና የእርግብ ኩስ በለብታ ውሃ ይበጠበጣል፤ ቆዳውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሲረግጠው እኔም አይቻለሁ። «ይህን የሚጠየፍ ሰው» ይላል፣ «በባዶ እግሩ ይሂድ።»

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ቆዳ የሚያመጣልን ሰው ጠፋ፤ ገንዳዎቹ በደለል ተሞሉ፣ ቁጥቋጦ በቀለባቸው። ልጆቻችን ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ፋቂ የሚለው ቃል መጀመሪያ በቀስታ ይነገር ነበር፤ ቆይቶ ስድብ ሆነ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። የማንም አባት ፋቂ አልነበረም። ሁሉም የነጋዴ ልጅ ሆነ። ምን እንደነገዱ ማንም አይጠይቅም።

ሽቶ ሊቀመንበር ሲሆን ቤተክርስቲያኑ መቶኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው ተብሎ ታሪኩ ተጻፈ። ባለ ቀለም ሽፋን ያለው ቆንጆ መጽሐፍ ነው። አንድ መኮንን ለአደን ወጥቶ ሳለ ከቁጥቋጦ ላይ ብርሃን አየ፤ ከፈረሱ ወርዶ ሰገደ፤ ደብሩን ተከለ ይላል። ለአክስቴ አነበብኩላት።

«ብርሃን?» አለች። «የኛ አያቶች ማታ የሚያበሩት ኩራዝ አልነበራቸውም፤ ብርሃን ቢያዩ ኖሮ መጀመሪያ ሊያጠፉት ነበር የሚሮጡት፣ ቆዳው ተቃጠለ ብለው።»

ከመጽሐፉ በኋላ እንግዳ መምጣት ጀመረ። ለእንግዳ ሽንት ቤት ያስፈልጋል ተባለና ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ቁፋሮ ተጀመረ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? አካፋው ድንጋይ መታ። ደለሉን ሲጠርጉ ሦስቱ ገንዳዎች ወጡ። ከኮሚቴው ውስጥ ያሉት ወጣቶች ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? ሽማግሌዎቹ ግን ያውቁ ነበር። እያወቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መዘፍዘፊያ ነው ለማለት መጀመሪያ ፋቂ ነበርን ማለት ያስፈልጋል።

ሽቶ ዙሪያውን ተመልክቶ «የመሥራቹ መጠመቂያ ነው» አለ። በሳምንቱ መጠመቂያው ጠበል ሆነ። ምንጩን መልሰው አስገቡበት። ውሃው ከዚያ ሁሉ ዘመን ቅርፊት የተነሳ ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ አፍ ያኮማትራል፤ ሕዝቡም «መድኃኒት ባይሆን እንዲህ ይመራል?» አለ። ከመጀመሪያው ገንዳ ሥር በኖራ የተጋገረ ጸጉር ወጣ። የበሬ ጸጉር ነው። መስታወት ሣጥን ውስጥ አድርገው ከመግቢያው አስቀመጡት፤ «እዚህ የኖረ መናኝ ጢም» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ሴቶች ሣጥኑን ሲስሙ አይቻለሁ።

ሽንት ቤቱንስ? ትንሽ ከፍ አድርገው ቆፈሩት። ከምንጩ በላይ።

ይህን ሁሉ አባቴ የሰማው አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ሣቀ። ቆይቶ ግን ስለ ሽንት ቤቱ ስነግረው መሳቁን ተወና «ቄሱን ጥሪልኝ» አለኝ።

ቄሱ ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት እያየ ሰማ። አባቴ የእያንዳንዱን ገንዳ ሥራ ምንም ሳይደብቅ ነገረው። አባቴ የመሃለኛው ላይ ሲደርስ ቄሱ ምራቁን ዋጠ። ያን ጠዋት ራሱ ጠጥቶ ነበር መሰለኝ።

«አባቴ» አለው ቄሱ በመጨረሻ፣ «ሕዝቡ አምኗል። የሚያድነው እምነት ነው።»

«እኔ መች ስለ እምነት ተናገርኩ፣ አባ?» አለ አባቴ። «ስለ ውሃው ነው ያልኩት።»

ቄሱ ባርኮት ሄደ። ሕዝቡ ውሃውን መጠጣቱን ቀጠለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ያዘዘኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ከእናትሽ ጎን አስተኙኝ። ራስጌዬ ላይ ቆማችሁ ደግሞ ውሸት አታንብቡ።» ሁለቱን አብሮ ማግኘት እንደማይቻል እሱም እኔም ያኔ ገና አላወቅንም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄድን። ቢሮው የድሮው የዕቃ ቤት ነው፤ አሁን እስከ ጣሪያው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተከምሮበታል። በየጠርሙሱ ላይ የመኮንኑ ሥዕል አለ፤ ከፈረሱ ወርዶ ሲሰግድ። ሽቶ ከጠርሙሶቹ መሃል ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። ውሃው ከየት የተቀዳ እንደሆነ አየሁ፤ ከውጭ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ውሃ ነበር። እሱ ከጠበሉ አይጠጣም።

«ቦታውን ሰጥተናል» አለ። «ለእናንተ ሲባል የጠበሉን ሰልፍ ለአንድ ሰዓት ወደዚያ ጠጋ እናደርጋለን። እኛም ሰዎች ነን።»

«እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ» አለ ወንድሜ።

«የሕይወት ታሪኩን የምታነብ እሷ ናት አሉኝ። ነጋዴና የቤተክርስቲያን አገልጋይ ነበር ተብሎ ይነበብ። ስለዚያኛው ነገር ግን...» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስለ ገንዳው አንድ ቃል አይነሳ። እዚያም፣ ሌላም ጊዜ። አባታችሁ በሽታ ላይ ሆኖ ብዙ ተናግሯል፤ ለእሱ ይቅር ተብሎለታል።»

«አንተ አታውቅም?» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «አያትህ የት ቆሞ ነበር የሚረግጠው? በየትኛው ገንዳ?»

ሽቶ ወደ ወንድሜ ዞረ፤ እኔን እንዳልሰማ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ውጭ ስንወጣ «እታለም፣ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። «እማዬ ብቻዋን ትቅር ነው የምትዪ? አንድ ወረቀት ማንበብ ብቻ ነው። አባዬ አይሰማሽም።»

በዚህ አሸነፈኝ። እናቴ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ተኝታለች፤ ከጎኗ የቀረውን ቦታ አባቴ በየክረምቱ አረም ሲነቅል ነበር የኖረው። እሺ አልኩ። አክስቴ ስትሰማ አልተቆጣችም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አለች፤ «የዚህ ጉድጓድ ግን እያደር ነው የሚሸተው። ሂጂ አንብቢ።»

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ይዘን ወጣን። መተላለፊያውን የዚያን ቀን ነው አስተውዬ ያየሁት። የፋቂዎቹ መቃብር ድንጋዮች ሁሉ ተነቅለው፣ ፊታቸው ወደታች ተደፍቶ፣ ለሰልፈኛው መርገጫ ተነጥፈዋል። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው መፋቂያ ቢላዋ ወደ ጭቃው አፍጥጧል። የቀረው የእናቴ ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ስለሆነች ለመንገዱ አላስፈለገችም።

ሰልፉን ጠጋ እናደርጋለን ያሉት ውሸት ነው። ሕዝቡ ከተቆፈረው ጉድጓድ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ጠርሙስና ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ከሽንት ቤቱ በር ላይም ሌላ ሰልፍ አለ። ከዚያ የወጣው እዚህ ይሰለፋል፤ ከዚህ የጠጣው ደግሞ ወደዚያ ይሮጣል። ነፋሱ ሲመለስ የሁለቱንም ያመጣል። አባቴ ሃምሳ ዓመት ሲገማ ኖረ የተባለለት ሽታ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሽቶ ነው።

«የሞተው ማን ነው?» አለች አንዷ ሰልፈኛ።

«አንድ ነጋዴ ነው አሉ።»

«ታድሎ! ከጠበሉ ሥር!»

ሳጥኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አረፈ። ቄሱ ጸለየ። ሽቶ አንገቱን ደፍቶ፣ መሐረቡን ይዞ ቆሟል። ወንድሜ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ማንበብ ጀመርኩ። «የተወደደው አባታችን በንግድ ሥራ የታወቀ...» እያልኩ ነበር። ድምፄ ደህና ነበር። አነበዋለሁ ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ላነበው ቆርጬ ነበር የመጣሁት።

ከወረቀቱ በላይ ቀና ስል አንዲት ልጅ እግር እናት ከመሃለኛው ገንዳ ስትቀዳ አየሁ። ጣሳዋ ውስጥ የገባውን ቅጠል በጣቷ አወጣች። ክንዷ ላይ ያለው ሕፃን ገና አንገቱ አልጸናም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጋ ጣሳውን ወደ አፉ አስጠጋች። ቡናማው ውሃ በአገጩ ላይ ወረደ፤ ሕፃኑ ፊቱን አኮማተረ፤ እሷ ፈገግ አለች።

ወረቀቱን ጥዬ ጣሳውን ከእጇ መታሁት።

«አታጠጪው!» አልኩ። «መጠመቂያ አይደለም! አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር፣ ይኼም መዘፍዘፊያው ነው! የውሻ አር ሲረግጥበት የኖረበት ነው! ሽንት ቤቱ ደግሞ ከላዩ ነው፣ አታዪም? ቀና ብለሽ እዪው!»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ሽንት ቤቱን አየች። አየችው፤ በዓይኔ ተከትያታለሁ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምቀኛ!» አለችኝ። «አባትሽ ስለሞተ የኔም ልጅ ይሙትልሽ? ሰባት ሰዓት ሙሉ ነው በአውቶብስ የመጣሁት!» ጣሳዋን ከመሬት አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ጎንበስ ብላም እንደገና ሞላችው። ሰልፈኛው «አጠጪው፣ አጠጪው!» አላት። አንድ ሰው ከኋላ ተፋብኝ።

ሽቶ አልጮኸም። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ለቆፋሪዎቹ «ድፈኑት» አለ። ሁለቱ ቆፋሪዎች ሳጥኑን አዩ፣ እሱን አዩ። «ድፈኑት ብያለሁ። ቦታው ለአገልጋይ ነው የተሰጠው፤ ፋቂ ከሆነ እዚህ አይቀበርም። ራሷ ናት ያለችው።»

ወደ ቄሱ ዞርኩ። «አባ፣ ያውቃሉ እኮ። ነግሮዎታል።»

ቄሱ መስቀሉን በሁለት እጁ ይዞ «ልጄ፣ ሕዝብ አታውኪ» አለኝ። ምራቁን ሲውጥ አየሁት።

አፈሩ መመለስ ጀመረ። አባቴ ከላይ ሳለ፣ ገና ያልገባበት ጉድጓድ ይሞላ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ ጮኼ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ግን የአፈሩን ድምፅ ብቻ ነው። ወንድሜ አላየኝም። ሳጥኑን በአንድ በኩል አነሳ፤ ማንም ሳያግዘው ቆየ፤ በኋላ የአክስቴ ልጆች መጡ።

«አባዬን ገደልሽው» አለኝ ስንወጣ።

«አንዴ ሞቷል፣ አንተ ቂል» አለችው አክስቴ። «ይልቅ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ዘነበለ።»

ሬሳ ወደ መንደሩ ሲገባ እንጂ ከመንደሩ ሲወጣ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ መኪና ሁሉ እምቢ አለን። በመጨረሻ የኮሚቴውን ጠርሙስ የሚያመላልሰው ሹፌር አዘነልን። የመኮንኑ ሥዕል ካለበት ካርቶን መሃል አስገብተን ወሰድነው። አክስቴ ከኋላ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ሳጥኑን በእጇ ደግፋ ሄደች። በየጉብታው «ቀስ በል፣ ሰው ይዘሃል» ትላለች። ከከተማው ጋራዥ ጀርባ ባለው የማዘጋጃ ቤት መቃብር ቀበርነው። ራስጌው ላይ ማንም ምንም አላነበበም።

ወደ ቤት ተመልሼ እጄን ታጠብኩ። ጣሳውን ስመታ ውሃው ክንዴ ላይ ፈሶ ነበር። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ በሎሚም አሸሁት። የሸተተኝ ግን ውሃው አልነበረም፤ ሰዎቹ ነበሩ። የማውቃቸው፣ ያሳደጉኝ፣ አያቶቻቸው ከአያቴ ጋር የፋቁ ሽማግሌዎች ከሰልፉ ጀርባ ቆመው ነበር። አንዳቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ አላውቅም፤ እህል አይወርድልኝም።

በዓመቱ የእናቴን አፅም አውጥቼ ከአባቴ ጎን ላሳርፍ ለኮሚቴው አመለከትኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወንድሜ ሆኗል። በዚያ ቦታ መቃብር ኖሮ አያውቅም የሚል መልስ ሰጠኝ።